የታነቀው መስመር

ቢሆነኝ የተገኘው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ከራሱ ኮምፒውተር የተነቀለው የኔትወርክ ገመድ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። ከቡሬ እስከ ማንኩሳ ያሉ ቪዲዮ ቤቶች ፊልም የሚያወርድላቸውን ሰው አጡ። ያለቀሰለት ግን የለም። 2003 ዓ.ም. ላይ በፍኖተ ሰላሙ የወንዳወቅ ኢንተርኔት ቤት ስድስት ኮምፒውተር አንዲት ቀጭን መስመር ይሻማ ነበር፤ ቢሆነኝ ፊልም መጎተት ሲጀምር ሌላው ኢሜይሉን መክፈት እንኳ ያቅተዋል።

ኢንስፔክተር ደጊቱ ስትደርስ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ወንዳወቅ ገዳዩን አዘጋጅቶ ጠበቃት። ቴክኒሻኑ ናሁሰናይ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ከፖሊሶች ጋር ቆሟል።

«ጠዋት ‹ቢሆነኝን አነቅሁት› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ ወንዳወቅ።

«ምኑን ነው ያነቅኸው?» አለች ወደ ናሁሰናይ ዞራ።

«ፍጥነቱን ነዋ! የሱን ኮምፒውተር ለይቼ ጠብታ ብቻ ተውሁለት። እኔማ መስመሩን ለሁሉም እኩል እናካፍል፣ ከባዱን ፋይል ሰው በማይበዛበት ሰዓት እንልቀቅለት ብዬ ነበር። ጋሼ ወንዳወቅ ናቸው ‹ምን አደከመህ፣ እሱን ብቻ እነቅልኝ› ያሉኝ።»

ደጊቱ ባለቤቱን አየችው። «ይህን እያወቁ ነው ያሳሰሩት?»

«ቤቱ ቶሎ እንዲከፈት ብዬ ነው» አለ፣ ሳያፍር።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ተፈልጎ የመጣው መምህር የሺጥላ ነው። የውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል ማመልከቻውን ሊልክ የመጣው ረፋዱ ላይ ነበር፤ ቀነ ገደቡ ዛሬ ያበቃል።

«እነሱ ለምሳ እንደወጡ ልኬ ሄድሁ። ቢሆነኝን በሰላም ነው የተውሁት» አለ።

ደጊቱ መምህሩ የሠራበትን ኮምፒውተር ጎንበስ ብላ መረመረች። ከዚያ ሦስቱንም አጠገቧ ሰበሰበች።

«ገዳዩ የነቀለው የቢሆነኝን ገመድ ነው። መስመሩን የዘጋው እሱ ነው ብሎ አምኗል ማለት ነው። እናንተ ሁለታችሁ የቢሆነኝ ፍጥነት ከጠዋት ጀምሮ መታነቁን ታውቃላችሁ። የማያውቀው ዘግይቶ የመጣው ነው። ማመልከቻዎ ደግሞ አልሄደም፤ ይኸው ስክሪኑ ላይ አለ፣ መምህር።»

«ከታነቀማ መስመሩን ማን በላው?» ጮኸ የሺጥላ። «ገመዱን ከነቀልሁት በኋላ እንኳ አልሄደልኝም እኮ!»

የሺጥላ የተናገረው ሲገባው አፉን በእጁ ያዘ።

ደጊቱ አላዘነችለትም። «የበላው የእርስዎ ኮምፒውተር ነው። እዚህ የሚወርደው የእንግሊዝኛ ፈተና መለማመጃ ቪዲዮ ነው። የማን ነው?»

«የኔ... አውርድልኝ ብዬ ለምኜው ነበር። ለካ የሱ አልወርድ ሲለው ሳላየው እኔ ላይ ጭኖልኛል።»

«ይህ የሚያወርደው ፕሮግራም ከሰው እየተቀበለ መልሶ ለሌላ ሰው ይልካል። የእርስዎን መላኪያ ሞልቶ የያዘው እሱ ነው። የገደሉት ውለታ የዋለልዎትን ሰው ነው።»

ካቴናው ከናሁሰናይ እጅ ወጥቶ የሺጥላ እጅ ገባ።

«ዝጋውና ላከው» አለች ደጊቱ።

ናሁሰናይ ፕሮግራሙን ዘግቶ መላኪያውን ተጫነ። ማመልከቻው ወዲያው ሄደ። የሺጥላ «በትክክል ደርሶናል፤ መልካም ዕድል» የሚለውን መልስ አነበበና ከስክሪኑ አልላቀቅ አለ፤ ፖሊሶቹ ጎትተው አወጡት።