የሦስት ሰዓት ነፃ ጊዜ

ሰውየው መምጣት የነበረበት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ግን የምግብ ቤቱን በር ከፍተው የገቡት እትዬ አዋላጅ ነበሩ።

«ኩራዝ» ጎንበስ አለ።

ፊቱን በምግብ ዝርዝሩ ጋረደ። አልጠቀመውም። ሴትየዋ ከአዋላጅነት ጡረታ ከወጡ አሥር ዓመት ቢያልፋቸውም ዓይናቸው አሁንም ከአልጋ አልጋ እንደሚሮጥ ነው። ወንበር ስበው፣ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ እንደ ገዛ ቤታቸው ተደላደሉ።

«ልጄ፣ ብቻህን ልትበላ ነው? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማህም?»

ሰምቷል። እንጀራው ራሱ ብቻውን በልቶ ብቻውን መሞት ነው፤ ግን ይህን እንዴት አድርጎ ይንገራቸው?

ሰላይ ነው፤ ኩራዝም የምስጢር ስሙ ነው። በዚህ የጎረቤት አገር ጉዞ ላይ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነኝ ብሎ ከሃያ ሦስቱ ጎብኚዎች አንዱ ሆኖ ገብቷል። የቡድኑ አስጎብኚ ሥራዋ ሁሉ መቁጠር ነው። አውቶብሱ ሲቆም ትቆጥራለች፤ ሲነሳ ትቆጥራለች። እንዲመቻት ብላ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ቆብ አድላለች። ፊት አታይም፤ ቆብ ነው የምትቆጥረው። የድንበር ጠባቂውም ከእሷ አይሻልም። ሲገቡ አውቶብሱ ላይ ወጥቶ፣ የሁሉም ስም የሰፈረበትን የቡድን ፈቃድ አየና ሃያ ሦስት ቆብ ቆጥሮ ማኅተሙን መትቶ ወረደ። ፓስፖርቶቹን ከአስጎብኚዋ ቦርሳ እንኳ አላስወጣም።

ሦስት ቀን ሙሉ ኩራዝ እንደ በግ ተነዳ። ግንብ እዩ ሲባል ግንብ አየ፤ ሐውልት ሲባል ሐውልት። በጎን ግን የራሱን ጉብኝት በማስታወሻ ደብተር ሲያሰላ ነበር። ለምሳ አንድ ሰዓት ከተሰጠ ሃያውን ደቂቃ ይሰርቃል። የከተማው የሰዓት ማማ ላይ ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ እሱ ደረጃና በር ይቆጥራል። ይህን ምግብ ቤትም የመረጠው ለምግቡ አይደለም። ሁለት በር አለው፣ ወጥ ቤቱ ወደ ጓሮ ይወጣል፣ መተላለፊያው ውስጥ የሳንቲም ስልክ ተሰቅሏል። በመጨረሻው ቀን ፕሮግራም ላይ «ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነፃ ጊዜ» ይላል። ዘጠኝ ላይ አውቶብሱ ወደ ድንበር ይነሳል።

ከዚያ ቤቱ ይገባል። ሰባት ዓመት የሆናትን ልጁን ካለፈው ዓመት ወዲህ ያያት በጣት በሚቆጠር ቀን ነው። እሁድን አብሯቸው እንደሚውል ለሚስቱ ነግሯታል። ይህ የመጨረሻ ሥራው እንደሚሆን አለቃው «አጎት» ምሎለታል። ኩራዝ አሁን ከዓለም የሚፈልገው ያቺን የአውቶብስ ወንበር ብቻ ነው።

እትዬ አዋላጅ እንዴት እንዳገኙት ሳይጠየቁ ተናገሩ። ደብተሩን አውቶብስ ውስጥ አይተውታል። የቡድኑ ምግብ አፍ አይገባም፤ ይህ ልጅ ደግሞ የሚበላበትን የሚያውቅ ይመስላል ብለው ከሆቴሉ ጀምሮ ተከተሉት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከታይ ሲያራግፍ የኖረ ሰው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ሲከተሉት አላየም። ሞኝ ባያፍር የሞኝ ዘመድ ያፍር።

ምግብ አዘዙ። ለሁለት።

ስድስት ሰዓት ተኩል።

በሩ ተከፈተ። ግራጫ ኮት፣ በግራ ብብት የታጠፈ ጋዜጣ። ሰውየው በኩራዝ ጠረጴዛ ላይ ለምልክት የተደፋውን ብርጭቆ አየ። አሮጊቷን አየ። አመነታ። ከዚያ በቀጥታ ወደ መታጠቢያው መተላለፊያ አለፈ።

የሚጠብቀው «ሙሽራው» ነው።

ኩራዝ ቆቡን ጠረጴዛው ላይ ትቶ እጁን ሊታጠብ እንደሆነ ነግሯቸው ተነሳ። ሙሽራው ቧንቧውን ከፍቶ ቆሟል።

«እዚህ ውኃው ይሞቃል?»

«ጠዋት ጠዋት ብቻ» አለ ኩራዝ፤ የመተዋወቂያ ቃላቸው ነው።

«አሮጊቷ ማናቸው?»

«ማንም።»

«በዚህ ሥራ ማንም የሚባል ሰው የለም» አለ ሙሽራው።

ቀጭን ነው፤ ቁመቱ ከኩራዝ አይበልጥም አያንስም። አሥራ አንድ ዓመት ምድር ቤት ተቀምጦ የሰው ስልክ ሲያዳምጥ የኖረ፣ የዚህ አገር ጆሮ ጠቢ ነው። ከሚያዳምጣቸው ድምፆች መሐል የኩራዝን ጓዶች አንድ በአንድ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር። ያ ሰው የኩራዝ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነው። በእሱ ጦስ አምስት ሰዎች ተቀብረዋል። ስሙን ማንም አያውቅም። ሙሽራው ግን ድምፁን ከሰማ በእንቅልፍ ልቡም እንደሚለየው መልእክት ልኮ ነበር። ድምፅ በወረቀት አይጻፍም፤ ስለዚህ ጆሮው ከነባለቤቱ ድንበር መሻገር አለበት። የኩራዝ መሥሪያ ቤት ዋና አለቃ፣ አንዲት አሮጊት ሴት፣ ትእዛዙን ሰጡ። አጎት ደግሞ የቆዳ ነጋዴ ሆኖ አስቀድሞ ከተማው ገባና ሥራውን ከሆቴል ክፍሉ ይመራል። ከማማው ጀርባ ታክሲ ይጠብቃል። ኩራዝ ሙሽራውን እዚያ አድርሶ ወደ አውቶብሱ ይመለሳል። በቃ።

የቀረው ለአጎት አንድ ስልክ መደወል ነው። ሳንቲም ከተተ።

«ሙሽራው ለብሷል» አለ።

«እሰይ። ታክሲው ቆሟል። አንተም አብረህ ግባ።»

ይህ በእቅዱ ላይ አልነበረም።

«አውቶብሴስ?»

«እሱን ተወው። ሚዜ ሙሽራውን ጥሎ ይሄዳል እንዴ?»

አጎት ሳቀ። ሙሽራው በአሥራ አንድ ዓመት ልማዱ ሳያስበው ጆሮውን ወደ መነጋገሪያው አስጠግቶ ኖሯል። ፊቱ አመድ መሰለ። ኩራዝ ስልኩን ሲዘጋ ሰውየው ክንዱን ያዘው።

«እሱ ነው።»

«ማን?»

«ድምፁ። ያ ሰውዬ እሱ ራሱ ነው።»



ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ኩራዝን ሥራ ያስተማረው አጎት ነው። ለልጁ ስም ያወጣላትም እሱ ነው። ኩራዝ መጀመሪያ ሊያምን አልፈለገም፤ ስህተት እንዳይሆን ሁለቴ ጠየቀ። ሙሽራው ሁለቴም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየው። ከአዳማጮቹ መሐል ከድቶ መልእክት የላከው የትኛው እንደሆነ የዚህ አገር ሰላዮች አላወቁም ነበር። ሙሽራውን ከጉድጓዱ ያወጣላቸው እሱ፣ ኩራዝ፣ ነው።

በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ ወደ አዳራሹ አየ። በመስኮቱ በኩል ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁለት ብርጭቆ ውኃ። ምግብ የለም።

በወጥ ቤቱ በኩል አየ። ጓሮው በር ላይ ሦስተኛው ሞተር ብስክሌቱን ተደግፎ ጥፍሩን ይቆርጣል።

ከፊት ገደል፣ ከኋላ ገደል።

ታክሲው ውስጥ እስኪገቡ ድረስ አይነኳቸውም፤ በሰው ፊት ግርግር አይፈልጉም። ከዘገዩ ግን ይመጣሉ።  ሁለቱ የገቡት ኩራዝ መተላለፊያው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ፊቱን አላዩም። ያዩት አንዲት አሮጊትና ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አንድ ቢጫ ቆብ ነው። የሚጠብቁትም ግራጫ ኮት ነው። መውጫው ገብቶታል፤ እንዳይገባው ግን እየታገለ ነበር። አውቶብሱ ላይ ያለው ወንበር አንድ ነው።

እንዲህ እንደቆሙ እትዬ አዋላጅ ቆቡን ይዘው ብቅ አሉ። ምግቡ ቀዘቀዘ ሊሉ ነበር። የሁለቱን ፊት ሲያዩ ጠጋ አሉ።

«እትዬ፣ እኔ ፋርማሲስት አይደለሁም» አለ ኩራዝ። «ይህ ሰው ዛሬ በእኔ ወንበር ካልሄደ ይገድሉታል። ከዚህ በላይ ባያውቁ ይሻልዎታል።»

«ፋርማሲስት አለመሆንህንማ ገና በመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። ለጉልበቴ የሰጠኸኝ የጨጓራ ኪኒን ነው።»

ሙሽራውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። እጁን ያዝ አድርገው የደም ሥሩን ዳበሱ፤ ልማድ ነው።

«ስንት ልጅ ተቀብያለሁ» አሉ። «አባቱ ማነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ቆቡን አጥልቅለት።»

ኮት ተቀያየሩ። ኩራዝ በችኮላ ያስረዳ ጀመር። ወንበሩ ከኋላ ሦስተኛው በመስኮት በኩል ነው። ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ ይተኛ፤ ሆዱን አሞታል ይባላል፤ መልሱን ሁሉ እትዬ ይመልሱ። ድንበሩን ሲሻገር ለማንም ስልክ አይደውል። በቀጥታ ዋናዋ አለቃ ቤት ይሂድ፤ ሰፈሩንና የበሩን ቀለም ነገረው። አጎት ወደ አገሩ ሲመለስ አስጠርተው ያናግሩታል፤ እሱ በጎን ክፍል ሆኖ ያዳምጥ።

«አንተስ?» አለ ሙሽራው።

«እኔ አለሁ።»

«ስማኝ። ያ መስመር ይቀረጻል። ድምፅህ አሁን እነሱ ጋ ነው። ከዚህ አገር ሆነህ በስልክ አንዲት ቃል ካወጣህ የሚያውቁህ አሥራ አንድ ጆሮዎች አሉ። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።»

እትዬ አዋላጅ የኩራዝን ኮሌታ አስተካከሉለት። ለቤቱ የሚያደርሱለት መልእክት ይኖር እንደሆነ ጠየቁት። የሚስቱ ስም ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ የልጁም። ሴትየዋ ድንበር ላይ ቢያዙ ግን የሚያውቁትን ሁሉ ያስተፏቸዋል።

«የለም፣ እትዬ።»

 ሴትየዋ ውሸቱን አወቁበት፤ አልተጫኑትም።

እትዬና ሙሽራው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ። ኩራዝ በስንጥቁ ያያል። በሩ ሊደርሱ ስድስት እርምጃ ቀርቷቸዋል። አምስት። አራት።

አሮጊቷ ቆሙ።

ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞሩ።

«ልጆቼ፣ እዚህ ቤት አትብሉ» አሉ ጮክ ብለው። «ልጄን ምን እንዳደረጉብኝ እዩት! ሲያስመልሰው ነው የቆየው።»

አንደኛው ሰውዬ ፊቱን አዞረ። ሌላው የውኃ ብርጭቆውን ገፋ አደረገ። ቢጫው ቆብ አንገቱን ደፍቶ፣ ሆዱን ይዞ፣ በሩን አለፈ።

ኩራዝ ሃያ ደቂቃ ቆጠረ። ከዚያ ጋዜጣውን በግራ ብብቱ ሸጉጦ፣ የግራጫውን ኮት ኮሌታ አቁሞ፣ በፊት ለፊቱ በር ወጣ።

ከኋላው ወንበሮች ሲጎተቱ ተሰማ፤ ሁለቱ ተነሱ።

ቸኩሎ አልሄደም። በየሱቁ መስኮት እየቆመ ጫማና ሰዓት አየ። እያንዳንዷ ደቂቃ ለአውቶብሱ ናት። ታክሲው ከማማው ጀርባ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። አሥር እርምጃ ሲቀረው ሾፌሩ ፊቱን አየና ፈገግታው ከሰመ። አዳማጮቹን ሁሉ በመልክ ያውቃቸዋል፤ ይህ ከእነሱ አንዱ አይደለም።

«ይሄ ሙሽራው አይደለም!»

እግሬ አውጪኝ።

በማማው ዋና በር ገብቶ ትኬት ቆራጯን ገፍትሮ አለፈ። ሽቅብ አርባ ሁለት ደረጃ፣ ከዚያ ጠራጊዎቹ የሚወጡበት ትንሽ በር፣ ከዚያ ግንብ። ግንቡ ከመሬት ከፍ ይላል። ዘለለ። ቁርጭምጭሚቱ ቀጭ ሲል ሰማው። እያነከሰ አትክልት ተራ ገባ፤ ኮቱን ጥሎ በባዶ ጆንያ ክምር ሥር ተጋደመ። የሩጫ ኮቴ በአጠገቡ አለፈ፤ ተመለሰ፤ እንደገና አለፈ፤ «ሙሽራውንም እዚሁ ደብቆታል» ይላሉ። የጆንያው አቧራ አፍንጫው ውስጥ ገብቶ ሊያስነጥሰው ሆነ። እጁን ነክሶ ያዘው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አለፈ። በመስኮት በኩል ያለው ወንበሩ ትቶት ሲሄድ ኩራዝን በዓይነ ሕሊናው ይታየው ነበር። አለቀሰ፤ ድምፁን ሳያሰማ።

ክረምቱ አለፈ። በዚያው አገር፣ በሌላ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ አንድ የሚያነክስ ሰው ድስት ያጥባል። ወረቀት የለውም፤ ማንም አልጠየቀውም። ከገባ ጀምሮ ቃል ስላልወጣው «ዲዳው» ይሉታል። አይሰማም ብለው ስለሚያስቡ አጠገቡ ሆነው ያሙታል፤ የወጥ ቤቷ ኃላፊ ሚስቱ ከድታው ነው ዲዳ የሆነው ብላ አውርታለች። ድንች የተላጠበት ጋዜጣ ላይ አንድ ቀን ዜናውን አገኘው። የጎረቤት አገር የደኅንነት ሹም፣ በክህደት ተከስሶ፣ ቢሮው ውስጥ ስብሰባ ላይ እንዳለ ተይዟል። አጎት ነው፤ ሦስት ጊዜ አነበበው። ደስ አለው። ደስታውን የሚያካፍለው ሰው ግን አልነበረም። ከድንበሩ ወዲህ የኩራዝ ፎቶ በየኬላው ተለጥፏል፤ መውጫ የለም።

እሁድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እንደ ልማዱ ፖስታ ቤት ሄደ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ለስልክ ሠራተኛዋ ሰጣት። የቤቱ ቁጥር አይደለም፤ እሱን አጎት ያውቀዋል። ይህ ሚስቱ ልጅቷን ይዛ እሁድ እሁድ የምትውልበት የእህቷ ቤት ነው። ሁለተኛው የስልክ ክፍል ተባለ። ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ሃሎ?» አለች ልጁ።

አፉን በመዳፉ አፈነ።

«ሃሎ? ማን ልበል?... እማዬ፣ ያ የማይናገረው ሰውዬ ነው።»

ኮቴ ተሰማ። ሚስቱ ስልኩን ተቀበለች። ማን ነህ አላለችም። 

«የፊት ጥርሷ ወልቋል» አለች ቀስ ብላ። «ማንበብ ጀምራለች። እኛ ደህና ነን።»

አልዘጋችውም። እሱም አልዘጋውም። የከፈለው ጊዜ ሲያልቅ መስመሩ ራሱ ተቋረጠ።

ወጥ ቤት ሲመለስ ኃላፊዋ በምልክት ተቆጣችው፤ የት ጠፋህ ማለቷ ነው። ከዚያ የምሳውን ትልቅ ድስት በጣቷ አሳየችው። እጅጌውን ሰብስቦ ማጠብ ጀመረ።