የሽታዬ መራራ ጥላ

የድምባዝ አገር ሰዎች ጥላዎች ተነሥተው የሄዱት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ነው። መጀመሪያ የአንድ ጨው ነጋዴ ጥላ ከመሬት ብድግ አለ፤ አቧራውን አራገፈና ወደ አሹር ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ቀጥሎ የሚስቱ፣ ቀጥሎ የገበያተኛው ሁሉ። ኮቴ የለ፣ ድምፅ የለ። የንጉሡ ጥላ እንኳ ዘውዱን እንደ ደፋ ከቤተ መንግሥቱ ደረጃ ወርዶ ከለማኙ ጥላ ኋላ ተሰለፈ። ይህን ያላመነ ሰው የድምባዝን በሬዎች ይይ፤ እስከ ዛሬ ሰው ባለፈ ቁጥር መሬት መሬቱን ይመለከታሉ።

በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ወይም ዛፍ ሥር የነበረ ሰው ተረፈ። ፀሐይ ላይ ቆማ ጥላዋ የቀረላት አንዲት ልጃገረድ ብቻ ነበረች፤ ሽታዬ የምትባል፣ የዱር ቅጠልና ሥር ለይቶ መጠቀምን የምትማር። የሷም ጥላ እንደ ሌሎቹ ተነሥቶ ነበር። ግን ጠጅ እንደ በዛበት ሰው ተንገዳገደና እግሯ ሥር ተመልሶ ዘጭ አለ።

የጥላው መሄድ ብቻውን ባልከፋ። ጥላ የሌለው ሰው የሚወደውን መርሳት ጀመረ። ጠላቱንማ ከነአባቱ ስም ያስታውሳል፤ የሚጠፋበት የሚወደው ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ ድምባዝ ጠላት እንጂ ወዳጅ የሌለባት አገር ሆነች። ባል ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ ጦር ይዛ ትጠብቀዋለች። ልጆች የገዛ ቤታቸውን ያንኳኳሉ፣ የሚከፍት ግን የለም።

ሽታዬ ቤት ስትገባ እናቷ ማንጠግቦሽ ጥላዋ ከሄደባት ገበያ ያመጣችውን ጌሾ እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አየቻት።

«ቤቶች አይባልም እንዴ?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ሽታዬ ነኛ። ልጅሽ። ምን ሆነሻል?»

ማንጠግቦሽ ፊቷን በደንብ አጠናችው፤ እንደማያውቁት ዕቃ ገልበጥ አድርጋ። «እኔ ልጅ የለኝም፣ እህቴ። ጠምቶሽ ከሆነ ውኃ ልስጥሽና ሂጂ።»

በማግስቱ ንጉሥ ዝናሩ ሕዝቡን አደባባይ ሰበሰበ። «የድምባዝ ልጆች ሆይ፣ ስሙኝ። አያቶቻችን በአሹር ሐይቅ ውስጥ ያሰሩት ዛንጉራ የተባለው አውሬ ሰንሰለቱ ዝጎ ተፈትቷል። ጥላችንን የዋጠው እርሱ ነው። እርሱን ለገደለ ጀግና የግዛቴን እኩሌታና ሴት ልጄን» አለና ቆመ። ወደ ቢትወደዱ ዘወር ብሎ «ሴት ልጅ አለችኝ እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ልጅቷ አጠገቡ ቆማ ታለቅስ ነበር።

ሽታዬ ከሕዝቡ መሐል ወጣች። ቀኝ እጇን አንሥታ ማለች፤ «የእናቴን ጥላ ሳልመልስ ብቀመጥ፣ የረገጥኩት ሣር ሁሉ ሳማ ይሁንብኝ። የቀጠፍኩት ቅጠል ሁሉ እሾህ ያብቅልብኝ።»

ሁለት ሰዎች አብረዋት ሊሄዱ ተነሡ። አንዱ መምህሯ አለቃ ዘነፈ ነው፤ ጥላው የተረፈው ምሳ በልቶ ጎጆው ውስጥ ሲያንኮራፋ ስለነበር ነው። ሌላው ቢሻው፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠራው፤ እሱም ከተገለበጠ ታንኳ ሥር ከሥራ ተደብቆ ነበር።

መንገዱ ረግረግ ነው። አልቅቱ እንደ ጫማ ማሰሪያ እግር ላይ ይጠመጠማል። አለቃ ከቁጥቋጦ የእንዶድ ፍሬ ሸምጥጦ በድንጋይ ቀጠቀጠ፤ አረፋውን እግራቸውን ሲቀባቸው አልቅቱ እየተፈታ ወደቀ።

«አየሽ፣ እንዶድ ልብስ አጣቢ ብቻ አይደለም» አላት። «እንዴት ቆረጥኩት?»

«ፀሐይን በግንባርዎ ይዘው።»

«ለምን?»

«ጥላዎ ወደ ኋላ እንዲወድቅ። ጥላ ያረፈበት ቅጠል ኃይሉን ለጥላው ይሰጣል፤ ለሰው ገለባው ይቀራል።»

«ጎበዝ» አለ አለቃ።

ሽታዬ ዓይኗን ሰበረች። ትምህርቱን በቃሏ ታውቃለች፤ ግን ፀሐይ ፊቷን ሲነካት ያስነጥሳታል። ስለዚህ አለቃ ዞር ባለ ቁጥር ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ነው የምትቆርጠው። ዳማ ከሴም ሬትም ኮሶም፣ ሁሉንም እንዲያ። የሷን ኮሶ የጠጣ ሰው ምንም ሳይሆን ሲቀር የድምባዝ ሰው «የዘንድሮ ትል ጠንክሯል» ይላል እንጂ እሷን አይጠረጥርም።

ከሐይቁ አፋፍ ሲደርሱ አለቃ ወደ አንድ ዛፍ ጠቆማት። «ያ ብርብራ ነው። የፍሬው ቅርፊት ሲደርቅ ጧ ብሎ ይፈነዳል። ዘሩ ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣ ይሰክራል። ለዛንጉራ አንድ ስልቻ ያስፈልገናል። እኔ እግሬን ላሳርፍ፣ አንቺ ልቀሚ።»

እሷም ለቀመች። ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር። ዞረች።

ቢሻው ደንገሉን አስሮ ታንኳውን ሲያወርድ አንድ ነገር ሰሙ። ከውኃው ሥር ገበያ ቆሟል። ሰው ይከራከራል፣ ሴቶች ይስቃሉ፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሠርግ የሚዘፍንም አለ። ውኃው ግን እንደ ተወለወለ ሰሐን ዝም ብሎ ተኝቷል።

«እኔ በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ» አለ ቢሻው፣ መቅዘፊያውን እንደ ሕፃን ታቅፎ። «ይሄን ባወራ ግን ማንም አያምነኝም።»

መሐል ሐይቅ ሲደርሱ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ሽታዬ የወቀጠችውን የብርብራ ዱቄት በተነች። ውኃው ጎርጎር አለና ዛንጉራ ወጣ፤ ጭንቅላቱ ጎተራ የሚያህል፣ ጢሙ እንደ ዓሣ ጢም የተንዠረገገ፣ ዓይኑ የጥጃ ዓይን። ዱቄቱን ላሰው። እንደ በሶ አጣጣመው። ከዚያ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ የማንጠግቦሽ ነበር።

«ሽታዬ፣ ነይ እንጂ ልጄ። ምሳሽ ቀዘቀዘ።»

ሽታዬ የታንኳውን ጠርዝ ይዛ ወደ ድምፁ ዘንበል አለች። እናቷ ቤት ውስጥ ያጣችው ያ ፍቅር እዚህ፣ በዚህ ጉሮሮ ውስጥ ነበር።

«የወቀጥሽው ብርብራ ነው ወይስ ገብስ?» አለ ቢሻው፣ ወደ ኋላ እየቀዘፈ።

አለቃ ግን ሌላ ነገር እያየ ነበር። የሽታዬ ጥላ ከታንኳው ጎን ውኃው ላይ ተዘርግቷል፤ በጥላው ልክ፣ ከራስ እስከ እግር፣ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ይንሳፈፋሉ።

«ልጄ፣ ጀርባሽን ለፀሐይ ሰጥተሽ ነው የለቀምሽው?»

«ያስነጥሰኛል፣ አለቃ።»

«ዛሬ ብቻ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

አለቃ ቁጣውን ተወውና ወደ ዓሦቹ ጎንበስ አለ። «እንግዲህ እስከ ዛሬ የቆረጥሽው መድኃኒት ሁሉ ያለው እዚያ ነው» አለ ወደ ጥላዋ እያመለከተ። «ያን ቀን መራመድ ያቃተው ለዚህ ነው፤ ከብዶት።»

«አውሬው ቢውጠውስ?»

«የሌሎቹ ጥላ አልተፈጨም፤ ያንቺ ሆዱን ሲያውከው ይተፋዋል። ያንቺ ግን መድኃኒት ነው። የተጠጣ መድኃኒት ተመልሶ አይመጣም።»

«የኔን እንስጠው» አለ ቢሻው።

«ያንተማ ይጣፍጠዋል።»

ሽታዬ ወደ አውሬው አፍ አየች። እናቷ እዚያ ውስጥ እንደገና ጠራቻት፤ ምሳ ጠርታ እንደምትቆጣው አድርጋ፣ ረዘም አድርጋ።

«እማዬን አደራ» አለች። «ክፉ ነገር ስናገራት ብትሰሙ አትቀየሙኝ። ያን ጊዜ እኔ አላውቃትም።»

የታንኳው አፍንጫ ላይ ቆመች። ጀርባዋን እንደ ልማዷ ለፀሐይ ሰጠች። ጥላዋ ረዘመ፣ ውኃውን ተሻገረ፣ ጥርሶቹን አልፎ ገባ። ዛንጉራ ዋጠው።

መጀመሪያ ስቅ አለው። ቀጥሎ የጥጃ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ኮሶው ሥራውን ጀመረ፤ የሆዱ ጩኸት ተራራ አናት ላይ ዝንጀሮ በተነ። አፉ ተበርግዶ ጥላዎቹ ወጡ፤ ከገበያ እንደሚበተን ሰው እየተጋፉ፣ እየተጠራሩ፣ የንጉሡ ዘውዱን በእጁ ይዞ። የድምባዝን መንገድ ሞልተው ነጎዱ። ዛንጉራም ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ እንደ ሰከረ ዓሣ ተንሳፈፈ፣ ከዚያም ሰጠመ።

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ጥላ እስከ ረግረጉ ድረስ በሩጫ መጣች። «ሽታዬ፣ የኔ ሆድ፣ ውኃ ጠጥተሽ ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ?» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ሽታዬ በትሕትና ቆማ ጠበቀች። መሬቱ ላይ የአንድ ሰው ጥላ ብቻ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፣ «እርስዎ ማን ነዎት?»

ዛሬ በድምባዝ እንደ ሽታዬ ቅጠል የሚያውቅ የለም። ጥላ የላትምና የቀጠፈችው ሁሉ ያድናል። ጠዋት ጠዋት አንዲት ሴት ቅርጫት ይዛ ትከተላታለች፤ ሁልጊዜም እንደ አዲስ «ማንጠግቦሽ እባላለሁ» ትላታለች።

«ደስ የሚል ስም ነው» ትላለች ሽታዬ፣ ወደ ቅጠሉ እያጎነበሰች። «እስቲ ፊትዎን ወደ ፀሐይ ያዙሩልኝ፤ ጥላዎ እንዳያርፍበት።»

ማንጠግቦሽም ፊቷን ወደ ፀሐይ ታዞራለች። ዓይኗ እንባ ሲሞላ ፀሐይዋ ነው ትላለች።