መልስ ያልተጻፈለት ጎማ

መምህር ዘካርያስን ሞቶ ያገኙት ባሕር ማዶ፣ ሊንደን በሚባል ሰፈር ካለው የሐበሻ ልጆች የቅዳሜ ትምህርት ቤት ጓሮ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ጭንቅላቱን የኮንክሪቱ ጠርዝ መትቶታል፤ እግሩ ሥር የተጨፈለቀ የቀለም ጣሳ ወድቋል። ያን ዕለት እዚያው አስፋልት ላይ ለልጆች ፓይ የሚባለውን የክብ ሒሳብ ሲያስተምር ነበር የዋለው።

ምህረት የመጣችው ከቀብሩ ማግሥት ነው። የኢንሹራንስ መርማሪ ናት፤ የመኪና ግጭት እያየች ማን ማንን እንደገጨ መለየት እንጀራዋ ነው። እንባዋን እየዋጠች መርምራ ግን አታውቅም። ማካፈልና ማባዛት ያስተማራት ዘካርያስ ነበር።

«ድረሽልን» ብሎ ኮል ያደረገላት የትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ አንድርያስ ነው። ፖሊስ ከተማሪ ወላጆች አንዱን፣ ጎሹን፣ ገጭቶ ገድሎ ሸሽቷል ብሎ ሊከሰው ነው። የጎሹ ቫን በዚያ ሰዓት ጓሮው ቆሞ ነበር፤ የመከላከያ ብረቱም ጎድጉዷል። ይባስ ብሎ ጠዋት በልጁ ውጤት ተናዶ መምህሩን በሰው ፊት «ታያለህ!» ብሎታል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ጓሮው የነበሩት መኪኖች ሦስት ናቸው» አለ አንድርያስ። «የጎሹ ቫን፣ የኔ ትልቁ ኤስ-ዩ-ቪ፣ የመምህሩ ባለቤት የሂሩት ትንሿ መኪና። እኔንም ጠይቂኝ፣ አልቀየምም።»

«እጠይቅዎታለሁ፣ ጋሼ። መጀመሪያ ግን ጎሹን።»

ጎሹ አንገቱን ደፍቶ ነው የመለሰላት። «መከላከያውን ኦቤትስ፣ የምሠራበት መጋዘን፣ ዌርሃውሱ ጋ ነው ያጋጨሁት። ያን ቀን ቫኑ ውስጥ ሆኜ ወንበር ስደረድር ነበር። ጨርሼ በወዲያኛው በር ወጥቼ ሄድኩ።»

«መምህሩን አላየሃቸውም?»

«አላየሁትም።»

«የሰማኸውስ ነገር?»

ጎሹ ቶሎ አልመለሰም። «የለም» አለ። መዘግየቱ አልጣማትም። ግን ዝም ያለ ሁሉ ገዳይ አይደለም።

የመምህሩ ሚስት ሂሩት ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ ደም መስሎ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተቀምጣለች።

«ጎሹ ነው የገደለብኝ!» አለች። «እስር ቤት ሲገባ ካላየሁ እህል አይወርድልኝም!»

«እትዬ፣ እርስዎ ያን ቀን መቼ ወጡ?»

«ልጆቹ እንደሄዱ። ሂሊያርድ፣ አረጋውያን የምንከባከብበት ቤት፣ የሥራ ሽፍት ነበረኝ። ረፍዶብኝ ሳልሰናበተው ሄድኩ፤ አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው። ጎማዬ ተንፍሶ ዶናት የሚሉትን ትንሿን መለዋወጫ ጎማ አስሮልኝ፣ ‹ታንገጫግጭሻለች፣ ቀስ ብለሽ ንጂ› እያለኝ ነበር የሰነበተው። ከእንግዲህ ማን እንደሱ ያስብልኛል?»

ምህረት መለኪያዋን ይዛ ወደ ጓሮው ወጣች።

አስፋልቱ በነጭ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ትምህርቱ እንዲህ ነው፦ ልጆቹ ጎማ ላይ ቀለም ጠብ ያደርጋሉ፤ መኪናው ቀስ እያለ ሲሄድ ጎማው በዞረ ቁጥር ምልክት ያትማል። በሁለት ምልክቶች መሃል ያለው ርቀት የጎማው ዙሪያ ነው። ለዲያሜትሩ ሲያካፍሉት፣ ጎማው ቢተልቅ ቢያንስ፣ ሦስት ከምናምን ይመጣል፤ ፓይ ማለት ይህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ በምልክቶቹ አጠገብ ስሙንና መልሱን በጠመኔ ጽፏል። ዘካርያስ መልስ ያልተጻፈበት ሥራ አይቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም።

ፖሊሶቹ ሁሉንም የልጆች ሥራ ነው ብለው አልፈውታል። ምህረት ግን ከተጨፈለቀው ጣሳ ተነስቶ ወደ መውጫው የሚሄድ፣ ስምም መልስም የሌለበት አንድ የምልክት መስመር አገኘች። ተንበርክካ ለካች። ሒሳቡን ሁለቴ ሠራችው፤ መልሱ አንድ ሆነ። ብትናገር ሂሩት አለቀላት፤ ዝም ብትል ጎሹ ይታሰራል።

በማግሥቱ ሁሉም በመምህሩ ክፍል ውስጥ፣ በልጆች ወንበር ላይ ተሰበሰቡ። ከፖሊስ የመጣው መርማሪ በር ላይ ቆሟል፤ አንድርያስ በሹክሹክታ ይተረጉምለታል።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አለች ምህረት። «ጣሳውን የጨፈለቀው ጎማ ቀለም ይዞ ሄዷል። ያተመው ምልክት ስም የለውም። ስለዚህ የልጆቹ ሥራ አይደለም፤ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የመጣ ነው።»

«የቫኑ ነዋ!» አለች ሂሩት።

«ከምልክት እስከ ምልክት ሰባ አምስት ኢንች ተኩል ነው። ለፓይ ሳካፍለው ዲያሜትሩ ሃያ አራት ኢንች መጣ። የጎሹ ጎማ ሃያ ዘጠኝ ነው። የጋሼ አንድርያስ ከዚያም ይበልጣል።» ወደ ሂሩት ዞረች። «ምልክቱ ደግሞ ቀጭን ነው። እንዲህ ያነሰና የቀጠነ ጎማ ዶናት ነው፣ እትዬ። ትናንት ቤትዎ ደጅ ሄጄ አየሁት። በጎማው ስንጥቅ ውስጥ ነጭ ቀለም አለ።»

ምህረት ሄዳ ሂሩት አጠገብ ተቀመጠች።

«መምህሩ ከመኪናዎ ኋላ ቁጢጥ ብለው የልጅ ሥራ እየለኩ ነበር። ወደ ኋላ ሲሉ መኪናው ገፋቸው፤ ወድቀው ጠርዙ መታቸው። ወደ ፊት ሲሄዱ ጎማው ጣሳው ላይ ወጣ። እርስዎ ዶናቱ ያንገጫገጨዎት መስሎዎታል። አላወቁም፣ እትዬ። አላወቁም።»

ሂሩት የገዛ እጇን አገላብጣ አየችው።

«መኪናው ውስጥ መዝሙር ከፍቼ ነበር» አለች። «ጠርቶኝ ይሆን? እየጠራኝ ነው ጥዬው የሄድኩት?»

ከዚያ ስትረግመው የሰነበተችው ጎሹ ተነስቶ እፊቷ ተንበረከከ፤ እጇንም ያዘ።

«አልጠራሽም፣ ሂሩትዬ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ምንም ድምፅ አልሰማሁም።»

እንባዋ ያኔ መጣ። በጎሹ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ምህረት በኋላ ጎሹን ቫኑ አጠገብ አገኘችው።

«እውነት አልሰማህም?»

ጎሹ ዓይኑን በእጁ መዳፍ ጠረገ። «ሁለቴ ጠርቷታል። ‹ሂሩት! ሂሩት!› ብሎ። የረሳችው ዕቃ ያለ መስሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። መሞቱን ስሰማ ነው የገባኝ።»

«ለፖሊስ ብትናገር ያኔውኑ ይተዉህ ነበር እኮ!»

«በምን አፌ? እሷ ደረቷን እየደቃች?»

ምህረት መኪናዋ ውስጥ ገብታ ስታለቅስ ቆየች። ሪፖርቷን ስትጽፍ ከልኬቱ አንዲት ኢንች አላስቀረችም። በጎሹ ቃል ላይ ስትደርስ ግን «ድምፅ አልሰማሁም ብሏል» ብላ ጻፈች።