ለክቡርነታቸው መሞታቸውን ማን ይንገራቸው?

መብራቱን ዝቅ አድርጉትና ቀረብ በሉ። ከመጀመሬ በፊት ግን ሰዎቹን አንድ በአንድ በስማቸው እጠራለሁ፤ ሥርዓት በሌለው ታሪክ ውስጥ ሙትና ሕያው ይደባለቃል፤ በዚህኛውማ ከበቂ በላይ ተደባልቀዋል።

መጀመሪያ አሰግደው አለ፤ የተራራው የከብት እርባታ ዘበኛ። ቀጥላ ሚስቱ የሻረግ አለች፤ ያሰበችውን የማትውጥ ሴት። ሦስተኛው አቶ ጥላዬ ናቸው፤ የመንደሩ ሊቀ መንበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ጎንበስ ብለው ስለኖሩ የቁመታቸውን ልክ ያወቀ ሰው የለም። አራተኛው መምሬ ወልደ ሩፋኤል ናቸው፤ የመንደሩ ቄስ። የመጨረሻው ክቡርነታቸው ናቸው፤ የአገሩ መሪ። ስማቸውን የማልጠራው ፈርቼ አይደለም፤ በሕይወት ሳሉም በስማቸው የጠራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

አሁን ሰዓቱን ያዙልኝ። ፀሐይ ገብታለች፤ ጨረቃ አልወጣችም። መንገዱንም ያዙልኝ። ከመንደሩ ተነሥቶ በአስታ ቁጥቋጦ መካከል ወደ ተራራው የሚወጣ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን አንድ በሬ እየነዳ ይወጣል። ሰውየው አሰግደው ነው። በዚያ ሰዓት ለምን ወጣ? ለምንስ ብቻውን? ታገሡኝ፤ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

ያ ተራራ ድሮ የመንደሩ የጋራ ግጦሽ ነበር። አንድ ቀን ክቡርነታቸው ለጉብኝት መጡና፣ ከመኪናቸው ወርደው፣ "እዚህ አየሩ ደስ ይላል" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ክረምቱ ሳይገባ ተራራው ታጠረ፤ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ተሠራ፤ ከባሕር ማዶ ጥቁርና ነጭ ላሞች መጡ። ክቡርነታቸው የአገር ጉዳይ ሲያደክማቸው በረንዳው ላይ ይቀመጡና ሩቁን በሚያቀርብ መነጽር ላሞቻቸውን ያያሉ።

ላሞቹ በመጀመሪያው ክረምት በብርድ አለቁ። ማን ይንገራቸው? እስቲ እናንተ ብትሆኑ ትነግሯቸው ነበር? አቶ ጥላዬም አልነገሯቸውም። የመንደሩን ጥቋቁር ላሞች ሰብስበው በኖራ አዥጎረጎሯቸው። ክቡርነታቸው በመነጽራቸው አይተው "ወፍረዋል" አሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ታዲያ ዝናብ መጣና ኖራው ታጠበ።

"ምን ሆኑ?" አሉ ክቡርነታቸው።

"ክቡርነትዎ፣ ይህ ዝርያ በዝናብ ጊዜ ቀለሙን ያሳርፋል" አሉ አቶ ጥላዬ።

ክቡርነታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አውቃለሁ፤ አንብቤአለሁ" አሉ።

ከዚያ ክቡርነታቸው በዋና ከተማ ሞቱ። ሬዲዮ ተናገረ። መንደሩ ተሰልፎ አለቀሰ። ሁሉም ሰው ሰማ። ሁሉም ሰማ እላችኋለሁ፤ ከአንድ ሰው በቀር። ያ ያልሰማው ማን ይመስላችኋል?

በቀጣዩ ዓመት ድርቅ ሆነ። ከእርባታው አጥር ውስጥ ካለው ሣር በቀር ለምለም ነገር ጠፋ። አሰግደው ጥንድ በሬ ነበረው፤ ከጥንዱም አንዱ የጎን አጥንቱ ገጥጦ ጉልበቱ ይከዳው ጀመር። በአንድ በሬ አይታረስም። ካልታረሰ ደግሞ ቤቱ የሚበላው የለም። ስለዚህ አሰግደው ሰው ሳያየው፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ መንገድ፣ ብቻውን ወጣ።

አጥሩን ከፈተ። በሬው መጋጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሽታ መጣ፤ የከተማ ሽቶ ሽታ። አሰግደው "ነፋስ ነው" አለ። ቀጥሎ ኮቴ ተሰማ፤ በበረንዳው ሳንቃ ላይ የሚራመድ የጫማ ኮቴ። አሰግደው "አይጥ ነው" አለ። ጫማ ያደረገች አይጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀጥሎ መነጽሩ ታየ። መነጽሩ ብቻ፤ የያዘው እጅ የለም። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ዞረና አሰግደው ላይ ቆመ። ከመነጽሩ ሥር ካፖርት ታየ። ከካፖርቱም ድምፅ ወጣ።

"አሰግደው! ላሞቼ እንዴት ናቸው?"

ምን ማለት ነበረበት? "ሞተዋል፤ እርስዎም ሞተዋል" ማለት ነበረበት። አፉ ግን የለመደውን ተናገረ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ናቸው፣ ክቡርነትዎ።"

"ይህስ? ጥሩ በሬ ነው። የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው" አለ አሰግደው።

አትሳቁበት፤ እናንተም ትሉ ነበር። ሰው ዕቃችንን ሲያደንቅ "የእርስዎ ነው" እንላለን፤ ያደነቀውም ሰው አመስግኖ ይተወዋል። ክቡርነታቸው ግን በሕይወት ሳሉም አንድም ነገር አመስግነው ትተው አያውቁም። መነጽሩ ዞረ። በሬው መጋጡን ተወና ካፖርቱን ተከትሎ ጉም ውስጥ ገባ። በአሰግደው እጅ የቀረው ገመዱ ብቻ ነበር።

"የእርስዎ ነው አልክ?" አለች የሻረግ፣ ባሏ ቤት ገብቶ ሲነግራት። "ለሞተ ሰው? ስለ እኔ ቢጠይቁህስ ኖሮ ምን ልትል ነበር?"

አሰግደው በእጁ የቀረውን ገመድ ይጠቀልል ጀመር። መልሱን የሻረግ በሚገባ ሰማችው።

በማግስቱ አራቱ ተሰበሰቡ። አቶ ጥላዬ "ጉዳዩ በጥንቃቄ መያዝ ይኖርበታል" አሉ።

"በእርስዎ ጥንቃቄ ላሜ ኖራ ተቀብታ ከርማለች፣ አቶ ጥላዬ" አለች የሻረግ። "ይልቅ ይሂዱና መሞታቸውን ይንገሯቸው።"

"እኔ? የሙታን ጉዳይ የመምሬ ነው እንጂ!"

መምሬ ወልደ ሩፋኤል ተቆጡ። "እኔ ፍትሐቱን አድርሻለሁ። የተፈታው ለእርሳቸው መሆኑን ካልተረዱ ምን ላድርግ?"

አንዱ በሌላው ሲያመካኝ ዋሉና አመሻሹ ላይ አራቱም ተከታትለው ወጡ። ሽቶው ሸተተ። ኮቴው ተሰማ። ካፖርቱ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ መነጽሩ ከላዩ ነው። አቶ ጥላዬ ከወትሮው ይበልጥ ጎንበስ አሉ።

"ክቡርነትዎ፣ በጤንነትዎ ረገድ መጠነኛ ለውጥ መታየቱን በአክብሮት…"

"ምን ዓይነት ለውጥ?"

"በአጠቃላይ ወደ መረጋጋት ያዘነበለ…"

የሻረግ በክርኗ ገፋ አደረገቻቸው። "ሞተዋል፣ ጌታዬ" አለች። "ከሞቱ ዓመት አለፈዎት። በሬያችንን ይመልሱልን።"

መነጽሩ ቀስ ብሎ ወረደ። ከመነጽሩ ኋላ ምን የነበረ ይመስላችኋል? ዓይን? ዓይን አልነበረም። ፊት? ፊት አልነበረም። ከካፖርቱ ኮሌታ በላይ ጉም ብቻ ነበር። ጉሙም ተናገረ።

"እንዲህ ያለ ነገር እንዲህ ባለ አነጋገር አይነገረኝም። ነገርን በወግ ማቅረብ የሚያውቅ አንድ ሰው ከእኔ ጋር ይቀራል። እርሱ ካልቀረ በሬው አይወጣም፤ እናንተም አትወርዱም።"

ዞር ብለው መንገዱን አዩ። መንገዱ አልነበረም።

መምሬ መስቀላቸውን ጨበጡ። የሻረግ አቶ ጥላዬን አየቻቸው። አሰግደውም አያቸው። መምሬም አዩአቸው። አቶ ጥላዬ ኮታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

"ክቡርነትዎ፣ በምን ማዕረግ ነው የምቀረው?"

"በዋና ሥራ አስኪያጅነት።"

ነገሩ በደንቡ መሠረት ለድምፅ ቀረበ። የሻረግ እጇን አወጣች። አሰግደው አወጣ። መምሬ በአንድ እጃቸው እያማተቡ ሌላውን አወጡ። ከሁሉም ቀድሞ የወጣው ግን የአቶ ጥላዬ እጅ ነበር። ጉሙ ከእግራቸው ጀምሮ ዋጣቸው፤ ጉልበታቸውን ዋጠ፤ ደረታቸውን ዋጠ፤ ፈገግታቸውን ዋጠ። በሬው በወዲያ በኩል እያገሳ ወጣ፤ መንገዱም ተከፈተ። ሦስቱ እየሮጡ ሲወርዱ የሻረግ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየች። ያ እጅ ከጉሙ በላይ እንደተነሣ ነበር። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።