ሳልጠየቅ የጸደቀው አንቀጽ

ዘርዓብሩክን ያገኘሁት ድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ወደ ከዚራ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ነው። ጉልበቱ ላይ የዘረጋውን ረቂቅ ሕግ በእስክርቢቶ ሲሰርዝ አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

«ለምን ትሰርዘዋለህ? ደህና አንቀጽ ነበር እኮ።»

ቀና ብሎ ትንሽ አየኝና፣ «አንቺ ማነሽ አቦ?» አለኝ።

ሃኒ እባላለሁ፤ ሕግ አርቃቂ ነኝ። ለካ እሱም እንደኔው ለደቡብ ሱዳን ምክር ቤት ባለሙያዎች ሥልጠና የተቀጠረ ነው። አገራቸው ነጻ ከወጣች ብዙ ሳትቆይ ጦርነት አድቅቋታል። ባለሙያዎቿ ድሬዳዋ የመጡት ከእኛ ጋር ተቀምጠው ረቂቆቻቸውን ሊያስተካክሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባጃጅ አብረን መሳፈር ለመድን። ስንወርድ ከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ቆመን ስለ አንቀጽ እንጨቃጨቃለን። ጭቅጭቁ ሲያልቅ ግን ማናችንም ቀድመን አንሄድም፤ እሱ ጫማውን ያያል፣ እኔ እሱን። ወደድኩት። ከራሴም አልደበቅኩትም።

ትልቁ ጭቅጭቃችን ባሎቻቸው በጦርነቱ የሞቱባቸው ሴቶች መሬታቸውን መልሰው እንዲይዙ በሚደነግገው ረቂቅ ላይ ነበር። ዘርዓብሩክ የጎሣ ሽማግሌዎች አስተያየት ስለሰጡበት ይበቃል አለ፤ እኔ ሴቶቹ ራሳቸው ይጠየቁ አልኩ። ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ ከጁባ የመጣችው አቡክ፣ ራሷም ባሏን በጦርነቱ ያጣች ናት።

«ሽማግሌዎቹ እርሻዬን ለባሌ ወንድም የሰጡት እኔ በር ላይ ቆሜ ነው» አለች። «ማንም ምን ትያለሽ አላለኝም።»

ዘርዓብሩክ አንገቱን ደፋ። ወዲያው ረቂቁ ላይ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ሳይሰሙ ውሳኔ እንዳይሰጥ የሚል ንዑስ አንቀጽ ጨመረ። ያን ቀን የባሰ ወደድኩት።

ሥልጠናው ሲያልቅ እነ አቡክ ጁባ ሄጄ ከምክር ቤታቸው ጋር አንድ ዓመት እንድሠራ ጠየቁኝ። ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ የተመኘሁት ሥራ ነው። መጀመሪያ የነገርኩት ለዘርዓብሩክ ነበር። «ጥሩ ነው» አለ፤ ዓይኑን ግን ከጫማው አላነሳም። ለአባቴ ስነግረው ደግሞ ፊቱን አጠቆረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አባቴ፣ ጡረታ የወጣው የምድር ባቡር ሠራተኛ በዛብህ፣ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ።

«ዘርዓብሩክ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ እሺ ብያለሁ። የጁባውም ነገር እንዲቀር ተስማምተናል።»

«ከማን ጋር ተስማማችሁ አባዬ?»

«ከሽማግሌዎቹ ጋር ነዋ።»

ስመኘው የኖርኩት ነገር ደጃችን ድረስ መጥቶ አንገፈገፈኝ።

በማግስቱ ባጃጅ መያዣው ጋ አገኘሁት።

«ሽማግሌ መላክ ነውር ሆነ እንዴ?» አለኝ። «ወግ ነው። ላክብርሽ ብዬ ነው።»

«ያከበርከውማ አባቴን ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ለአቡክ አገር ሴቶች ያሰብከው ለእኔ ሲሆን ጠፋህ? እኔን መጠየቅ ምን አስፈራህ?»

የድሬ ልጅ በግልጽነቱ ይታማል፤ ይሄኛው ግን የሚመጣ ባጃጅ ያይ ጀመር። ሁለት ባጃጅ አለፈን።

«ከጠየቅኩሽ ጁባ እሄዳለሁ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አለ በመጨረሻ።

«እሄዳለሁ።»

ትቼው ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ባለባጃጁም አላየ መሰለ።

አመሻሹ ላይ ቤታችን መጣ፤ ብቻውን። አባቴ ፊት ቆመ እንጂ አልተቀመጠም።

«ጋሽ በዛብህ፣ ሽማግሌዎቹ በእኔ ስም ያሉትን ልሽር ነው የመጣሁት። የጁባው ይቅር ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ። እሷን አልጠየቅኳትም።»

«የተላከ ሽማግሌ ይመለሳል?» አለ አባቴ። «ልጄን የሰፈር መሳቂያ ልታደርጋት ነው?»

ዘርዓብሩክ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጁባ ሂጂ። እወድሻለሁ፤ ብትፈቅጂ እጠብቅሻለሁ። እንቢ ካልሽም ዳግም አላስቸግርሽም።»

አባቴ እሱን አየ፣ እኔን አየ፤ ንዴቱ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲበርድ አየሁት።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

«ጁባ እሄዳለሁ አባዬ። ስመለስ አገባዋለሁ» አልኩት።