እየሰፋ ያስቸገረው ክብ

«እርምጃውን በግማሽ ቀንሺና እንደገና አስልተሽ እዪው» አለች እናቷ፣ ከላፕቶፗ ቀና ሳትል።

«ልክ ነው ወይስ አይደለም? የጠየቅኩሽ እኮ ይቺን ብቻ ነው።»

«እኔ ምን አውቄ።»

ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች። ይህን የምትለው ሴትዮ የስሌት ፊዚክስ ተመራማሪ ናት። የምትሠራበት ተቋም አተሞችን አዋህዶ ፀሐይ የምታመነጨውን ዓይነት ኃይል ለማግኘት ይደክማል። በማግኔት ታግዶ የሚሽከረከረው የጋለ ጋዝ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቀድማ በኮምፒውተር የምታሰላው እሷ ናት። ማሽኑን በእጇ ነክታው አታውቅም። ዘመድ ግን ይህን ሁሉ «ኮምፒውተር ትሠራለች» ብሎ ስለሚያጠቃልለው፣ በየጊዜው አንዱ አጎት የተበላሸ ፕሪንተር ታቅፎ ይመጣል። ፕሪንተሩን አይታ ዳነ ወይም ሞተ ትላለች። የገዛ ልጇ ስትጠይቃት ነው እንጂ «እኔ ምን አውቄ» የሚመጣው።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ሰኞ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ይከፈታል። ልጅቷ ከክፍል ጓደኛዋ ጋር አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጽፋለች፤ ጥያቄ ሳያልቅ እጁን ስለሚያወጣ ልጁን ሁሉም «ጥድፊያ» ይለዋል። ፕሮግራሙ አንዲት የኤሌክትሪክ ሙሌት ያላት ቅንጣት በማግኔት መስክ ውስጥ ስትሽከረከር ያሳያል። ክብ መሥራት ነበረባት፤ ሠርታለችም። ክቡ ግን በዞረች ቁጥር ሰፋ። ሰፋ ማለት ፈጠነች፣ ፈጠነች ማለት ኃይል አገኘች ማለት ነው። ጥድፊያ ለፊዚክስ አስተማሪው ነገረ፤ አስተማሪው ለርዕሰ መምህሩ። ዓርብ ዕለት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ተማሪዎቻችን ራሷን በራሷ የምታሞቅ ቅንጣት አገኙ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ያሸነፉ ሁለት ልጆች ክረምቱን በእናቷ መሥሪያ ቤት ይሠለጥናሉ።

«ማን ገፍቷት ነው የፈጠነችው?» አለች እናቷ ድንገት።

«ማግኔቱ።»

«ማግኔት አቅጣጫ ያስቀይራል እንጂ አያፈጥንም።»

«እና ስህተት ነው በያ።»

«አላልኩም። በግማሽ ቀንሺው አልኩ።»

ኮምፒውተር ቅንጣቷን ያለማቋረጥ አይከተላትም፤ ጊዜን በእርምጃ በእርምጃ ቆራርጦ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ነው የሚያሰላው። ፍጥነቱ የራሷ ከሆነ እርምጃው ቢያጥር አይነካውም። ከዝላዩ የመጣ ከሆነ ግን ይጋለጣል። ልጅቷ እርምጃውን የቀነሰችው እናቷን ለማሳፈር ብላ ነው።

የክቡ መስፋት በግማሽ ቀነሰ። እንደገና አሳጠረችው፤ እንደገና በግማሽ ቀነሰ። ክቡ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እናቷ መጥታ ከጀርባዋ ቆመችና ሥራ በጀመረች በሁለተኛ ዓመቷ ይኸው እንደደረሰባት ነገረቻት። «ጋዙ ረግቷል» እያለች ለአሥራ አንድ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትሰብክ ከርማ፣ አንድ ሽማግሌ ባልደረባዋ እርምጃውን አሳጥራ አይታው እንደሆነ ጠየቋት። አላየችውም።

«ምን አልሻቸው?»

«ምሳ ሰዓት ደርሷል አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከምሳ በኋላም እዚያው ነበሩ።»

ልጅቷ አልሳቀችም። ስልኳን አንስታ ወደ በረንዳ ወጣችና ለጥድፊያ ደወለች። ያየችውን ዘርዝራ ነገረችው።

«አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሐሙስ ዕለት ሞክሬዋለሁ። አይቼ ወደነበረበት መለስኩት።»

«መለስኩት?»

«አታካብጂ ባክሽ። ከዳኞቹ አንዱ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ማን ይጠይቃል? ወረቀቱ ተለጥፎ አሁን ተሳስተናል ማለት ሼም ነው።»

እንዲህ ማቅረብ ውሸት ነው አለችው። ካልፈለገች ስሟን አውጥታ ብቻውን እንዲያቀርብ ልትተውለት እንደምትችል ነገራት። ቀጥሎ የተናገረውን ግን በቀስታ ነበር የተናገረው።

«አንቺ እናትሽ እዚያ ትሠራለች። በፈለግሽ ቀን ትገቢያለሽ። እኔን ማን ያስገባኛል?»

ስልኩ ተዘጋ። ልጅቷ በሁሉም ተናደደች፦ በእናቷ፣ በጥድፊያ፣ በቅንጣቷ። ከሁሉም በላይ ያናደዳት የመጨረሻው ነገር እውነት መሆኑ ነው።

ተመልሳ ፋይሉን ከፈተችና ስሟን አጠፋች። ቀላል ነበር። ክቡ አሁንም ይሰፋል፤ ከሥሩ የእሱ ስም ብቻውን ቀርቷል። ትንሽ አየችውና ስሟን መልሳ ጻፈች። ላፕቶፑን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

ጥድፊያ በሩን ግማሽ ከፍቶ፣ «ልትሰብኪኝ ነው?» አላት።

«አይደለም። ሦስቱንም ክብ፣ የመጀመሪያውንና እርምጃው ያጠረባቸውን ሁለቱን፣ ጎን ለጎን እናሳያለን፤ ኮምፒውተር እንዴት እንዳታለለን። ምናልባት አናሸንፍበትም። ሰኞ ደወል ሳይደወል ለቲቸር እነግራለሁ።» ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «እናቴ መሥሪያ ቤት ብቻዬን ብገባ ደስ አይለኝም።»

አላስገባትም። በሩንም አልዘጋውም። እሷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ከፈተችና የመጀመሪያውን ክብ መሣል ጀመረች።