ቀይ ሆኖ የሚነሳው ስክሪን

«ፍላሹ ለኔ፤ ሴትዮዋ ለልጆቹ» አለ ደጀኔ፣ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ። ይዟቸው የመጣው ሁለት ጎረምሶች ጓዳ ውስጥ አድፍጠዋል።

ወንዳወቅ ትእዛዝ ከሚጽፍበት የኮምፒውተሩ ተርሚናል ላይ ዓይኑን አላነሳም። የካቲት 2003 ነው። «ሸማኔ» በሚል የምስጢር ስም ቡሬ ገብቶ የኮምፒውተር አስተማሪ መስሎ ከተቀመጠ ስምንት ወሩ። ደጀኔ የስለላ አለቃው ነው።

«ምስክራችን ናት እኮ! ከግምጃ ቤት መሣሪያ የሚሰርቁትን ሰዎች ዝርዝር የገለበጠችልን እሷ ናት።»

«የኔንም ስም ገልብጣለች» አለና ደጀኔ ሳቀ። የበላው ጥሬ ሥጋ ትንፋሹ ላይ ነበር።

ለወንዳወቅ አሁን ገባው። ሌባው አለቃው ነው። ስምንት ወር ሙሉ የግምጃ ቤቷን ጸሐፊ ሀብትነሽን «አይዞሽ» ሲላት የከረመው ለዚህ ቆሻሻ ነው።

ከሀብትነሽ ጋር ምልክታቸው በክፍሉ መስኮት ከመንገድ የሚታየው ስክሪን ነበር። አረንጓዴ ከሆነ ግቢ። ቀይ ከሆነ እለፊ።

ሀብትነሽ የተሳፈረችበት ጋሪ ከወፍጮ ቤቱ በኩል ብቅ አለ።

ወንዳወቅ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈ። ስክሪኑ ቀላ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ደጀኔ።

«የተርሚናሉን መልክ በትእዛዝ መቀየር። የነገ ትምህርት ነው።»

ደጀኔ አዛጋ። ከኮምፒውተር የሚያውቀው ማብሪያውን ብቻ ነው።

መብራት ጠፋ።

ሀብትነሽ ቀዩን ሳታየው ቀረች። ከጋሪው ወርዳ ማዶ ካለው ሱቅ ሽንኩርት እያገላበጠች መብራቱ እስኪመጣ ጠበቀች። መብራቱ መጣ። ኮምፒውተሩ ራሱ ተነሳ።

አረንጓዴ ሆኖ።

ወንዳወቅ በየማለዳው መጻፍ ሰልችቶት አረንጓዴውን በገዛ እጁ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚያነበው መነሻ ፋይል ላይ አስቀምጦት ነበር። ቀዩ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ከመብራቱ ጋር ጠፋ። እንደገና ሊጽፍ ጣቱን ሲሰነዝር ደጀኔ እጁን ያዘው።

«ተው፣ መጣች።»

«ወንዳወቅ፣ እንዴት ዋልህ?» ሀብትነሽ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ፍላሹን ሰጠችው። «ይችን አትምልኝ።»

ልጆቹ ከጓዳ ወጡ። ክንዷን ሲይዟት እነሱን አላየችም። ስክሪኑን አየች።

«አረንጓዴ ነው እኮ» አለች።

ወንዳወቅ የሷን ፍላሽ መዳፉ ውስጥ ደበቀ። መዳፉ ሥራውን አልረሳም። ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት የተማሪዎች ፍላሾች አንዱን ለደጀኔ ሰጠ።

ከቡሬ ሸሽቶ ፍኖተ ሰላም እንደደረሰ እውነተኛውን ዝርዝር ለደጀኔ የበላይ ላከ። በሦስተኛው ሳምንት ደጀኔ ታሰረ። ሀብትነሽን የት እንዳደረሳት ግን አልተናገረም። ለወንዳወቅ ከአዲስ አበባ «እንኳን ደስ አለህ» ብለው ደወሉለት። ስልኩን ዘግቶ አስታወከ።

ወንዳወቅ አሁን ደምበጫ ነው። የሚጠራበት ስም ታከለ ነው። ማንም አያውቀውም። የኮምፒውተር ማሰልጠኛ የከፈተ ዕለት መጀመሪያ የሠራው ቀዩን መነሻ ፋይሉ ላይ መጻፍ ነበር።

«ቲቸር፣ ይሄ ቀለም ዓይን ያማል» ትለዋለች ተማሪው ሰብሊ። «አረንጓዴ ሆኖ አይነሳም?»

«አይነሳም» ይላታል። «አረንጓዴው በየቀኑ በእጅ ነው የሚጻፈው።»